የጋንጀስ ውኃ «ንጹሕ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

የከዚራ ጥላ (ጠያቂ)፦

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ጥያቄዬ ከወትሮው ራቅ ያለ ቢሆንም ከመካከላችሁ ህንድ አገር የተማራችሁ ወይም ስለ ሃይማኖቶች ያነበባችሁ ስለማትጠፉ ላቀርበው ወደድኩ። እዚህ ድሬዳዋ ከአንድ ህንዳዊ መምህር ጋር በአንድ ግቢ መኖር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ፣ የሚያስተምሩትም ኬሚስትሪ የሆነ፣ በጉርብትናቸው የማይታሙ ሰው ናቸው። በሳሎናቸው ጥግ፣ ከአማልክቶቻቸው ሥዕሎች ፊት፣ ከሲኒ የማትበልጥ፣ ክዳኗ በብየዳ የታተመ አንዲት የመዳብ ዕቃ ተቀምጣለች፤ በውስጧ ያለው የጋንጀስ ወንዝ ውኃ ነው። ከአገራቸው ሲመጡ ከሻንጣ ጋር እንኳ ሳይጭኗት በእጃቸው ይዘዋት እንደመጡ ነግረውኛል።

በቅርቡ ሙቀቱ በረድ ሲል ግቢ ወጥተን ተቀምጠን ሳለ፣ በቴሌቪዥን ያየሁትን የወንዙን ፍሳሽና አረፋ አንሥቼ፣ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ያን ውኃ እንዴት ንጹሕ ሊለው እንደሚችል ጠየቅኋቸው። አልተቆጡም። ወንዙ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ ከእኔ በተሻለ ዘርዝረው ነገሩኝና «ውኃው ቆሽሿል፤ እርሷ ግን አልቆሸሸችም» ብለው ወሬውን ወደ ሌላ መለሱት። ከዚያ በኋላ ደግሜ ለመጠየቅ አፈርኩ።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ቁልቢ ወርጄ ጸበል የጠጣሁ ሰው ነኝና ለማላገጥ እንዳልጠየቅሁ ይታወቅልኝ። መረዳት የምፈልገው፣ በሂንዱ እምነት ወንዝን ቅዱስ የሚያደርገው ምን እንደሆነ፣ «ንጽሕና» የሚሉት ነገርስ በዓይን ከሚታየው ንጽሕና በምን እንደሚለይ ነው። ከዚህም ጋር፣ ይህ እምነት ወንዙን ጠቀመው ወይስ ጎዳው የሚለው ጥያቄ በውስጤ አለ፤ አይቆሽሽም ተብሎ የታመነን ነገር ማን ያጸዳዋል?

የለገሃሬ ልጅ፦

ቫራናሲ በምትባለው የጋንጀስ ዳር ከተማ ለሁለተኛ ዲግሪ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ስለነበር ያየሁትንና ያነበብኩትን ልናገር። ሂንዱ ስላልሆንኩ የሚያምን ሰው ከእኔ በተሻለ ቃል ሊያስረዳዎ ይችላል።

ግራ መጋባቱ በከፊል ከአማርኛችን የመጣ ይመስለኛል። እኛ «ንጹሕ» የሚለውን ቃል ለታጠበ ሸሚዝም፣ ቂም ለሌለበት ልብም፣ ለመቅደስ ለተለየ ንዋይም እንጠቀምበታለን። በሂንዲና በሳንስክሪት ግን ሁለቱ ነገሮች ሁለት ቃላት አሏቸው፤ «ስቫች» የሚባለው ከእድፍ የጸዳውና በዓይን የሚመሰከርለት ሲሆን፣ «ፓቪትራ» የሚባለው ደግሞ ሰውን ከኃጢአትና ከሥርዓታዊ ርኩሰት የማንጻት ኃይል ያለው ነገር ነው። የህንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ መንገድና ስለ መጸዳጃ ቤት ጽዳት ታላቅ ዘመቻ ሲጀምር ስሙን ያወጣለት ከመጀመሪያው ቃል ነው። ስለዚህ አንድ ህንዳዊ «ጋንጋ ፓቪትራ ናት፤ ስቫች ግን አይደለችም» ቢል በራሱ ቋንቋ ምንም የሚጋጭ ነገር አልተናገረም። እኛ ግን ሁለቱንም «ንጹሕ» ብለን ስንተረጉመው ሰውዬው ዓይኑ እያየ የሚክድ ይመስለናል።

ጋንጋ ስል ጋንጀስን ማለቴ ነው፤ ራሳቸው የሚጠሯት እንዲያ ነው፤ ብዙውን ጊዜም «እናት ጋንጋ» ይሏታል። በእነርሱ እምነት አንዲት አምላክ የወረደችበት ውኃ አይደለችም፤ ውኃው ራሱ ያቺ አምላክ ናት። አወራረዷ የሚተረከው እንዲህ ነው። ሳጋራ የሚባል ንጉሥ 60,000 ልጆች ነበሩት፤ እነዚህ ልጆች ካፒላ የሚባለውን ባሕታዊ በሐሰት ወንጅለው ስላስቆጡት በዓይኑ እሳት አመድ አደረጋቸው፤ አመዳቸውም የሚያሳርፈው ሥርዓት ሳያገኝ ቀረ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ባጊራታ የሚባለው የሳጋራ ዘር በሰማይ የምትፈስሰው ጋንጋ ወደ ምድር እንድትወርድ እጅግ ረጅም ዘመን በተጋድሎ ለመነ። ልመናው ተሰማ፤ ነገር ግን ውኃዋ እንዲሁ ቢወርድ ምድርን ይሰነጥቃት ስለነበር ሺቫ የሚባለው አምላክ በጸጉሩ ሹሩባ ተቀብሎ ቀስ በቀስ ለቀቃት። ባጊራታ ከፊት እየመራ፣ እርሷ እየተከተለች፣ እስከ አመዱ ድረስ ሄደች፤ አመዱንም ስትነካው ነፍሳቸው ዐረፈች። ዛሬም በሂማላያ ጋንጎትሪ ከሚባለው የበረዶ ግግር ሥር የሚወጣው ወንዝ ባጊራቲ ይባላል፤ ዴቭፕራያግ ላይ አላክናንዳ ከሚባለው ወንዝ ጋር ሲገናኝ ነው ጋንጋ የሚለውን ስም የሚይዘው።

ይህን ታሪክ ያስረዘምኩት በምክንያት ነው። ጋንጋ ወደ ምድር የመጣችው ገና ከመጀመሪያው የሙታንን አመድ ለመንካት ነው። ርኩሰት ድንገት የደረሰባት አደጋ ሳይሆን የተጠራችበት ሥራ ነው። ቫራናሲ ውስጥ ማኒካርኒካ በሚባለው የወንዝ ዳር ደረጃ አስከሬን ቀንም ሌሊትም ይቃጠላል፣ አመዱም ወደ ወንዙ ይገባል፤ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ሰዎች ሳይፀየፉ ይታጠባሉ። ለምን ብዬ ስጠይቅ ደጋግሜ የሰማሁት መልስ የእናት ምሳሌ ነበር፤ ሕፃን ያቆሸሸውን እናት ታጥበዋለች፣ ስላጠበችውም ቆሻሻ ሴት አትባልም አሉኝ።

ቅዱሳት ወንዞች አንድ ብቻ አይደሉም። በመታጠቢያ ጸሎታቸው የሚጠሩት ሰባት ናቸው፤ ጋንጋ፣ ያሙና፣ ጎዳቫሪ፣ ሳራስቫቲ፣ ናርማዳ፣ ሲንዱና ካቬሪ። ከእነዚህ ሲንዱ ዛሬ አብዛኛው አካሉ ፓኪስታን ውስጥ ነው፤ «ህንድ» የምንለው ስም ከእርሱ መውጣቱን ብዙ ሰው አያስታውስም። ሳራስቫቲ ደግሞ ሪግቬዳ የተባለው ጥንታዊ የመዝሙር ስብስብ አብዝቶ የሚያወድሳት፣ ዛሬ ግን በዓይን የማትታይ ወንዝ ናት፤ ጋንጋና ያሙና በሚገናኙበት በፕራያግራጅ ከምድር በታች ፈስሳ ትቀላቀላቸዋለች ብለው ያምናሉ። የማይታይ ወንዝ ከሚታዩት እኩል መቆጠሩ ነገሩ የውኃ ጥራት ጉዳይ እንዳልሆነ ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ናርማዳ ወደ ምዕራብ 1,312 ኪሎ ሜትር የምትፈስስ ስትሆን፣ ምእመናን በአንዱ ዳርቻ ወጥተው በሌላው እየተመለሱ ዙሪያዋን በእግር ይጓዛሉ፤ እርሷን ለማየት የበቃ ሰው ሳይታጠብ እንኳ እንደሚነጻ ይነገራል።

ለጠያቂያችን ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ከቫራናሲ ብዙም ሳይርቅ የሚፈስሰው የካርማናሳ ወንዝ ነገር ነው። የስሙ ትርጉም «ምግባርን አጥፊ» ማለት ሲሆን፣ በትውፊቱ መሠረት ውኃውን የነካ ሰው ያከማቸው መልካም ሥራ ሁሉ ይጠፋበታል፤ አጥባቂ ሰዎች ሳይነኩት ለመሻገር ብዙ ይደክሙ ነበር። እንግዲህ ይህ ወንዝ የቱንም ያህል ጠርቶ ቢፈስስ ርኩስ ነው፤ ጋንጋ የቱንም ያህል ብትደፈርስ ቅድስት ናት። ካርማናሳ መጨረሻው ጋንጋ ውስጥ ነው፤ ከገባ በኋላም ጋንጋ ተብሎ ይጠራል።

የእጅ ሻንጣውን ነገር ሲያነሡ ደግሞ የጃይፑሩ ማሃራጃ ዳግማዊ ማዶ ሲንግ ትዝ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1902፣ ማለትም ባቡሩ ድሬዳዋ በገባበት በዚያው ዓመት፣ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ ሲጫን ወደ ሎንዶን በመርከብ ሲሄዱ፣ ባሕር መሻገር ያረክሳል ተብሎ ይታመን ስለነበር በመንገድ የሚበቃቸውን የጋንጋ ውኃ በግዙፍ የብር ጋኖች ሞልተው ወሰዱ። የእያንዳንዱ ጋን ባዶ ክብደት 345 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ ጋኖቹ እስከ ዛሬ ጃይፑር ቤተ መንግሥት ውስጥ ቆመው ይታያሉ። የጎረቤትዎ የመዳብ ዕቃ የዚያ ጋን ታናሽ እኅት ናት።

ሰንጋ በር (ሐረር)፦

የለገሃሬው ወንድማችን ያብራሩትን በጥሞና አነበብኩት። እኔ ሐረር ጁገል ውስጥ ቁርኣን ቤት ያደግሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ውኃ በሥርዓት ንጹሕ ነው ማለትና በዓይን ንጹሕ ነው ማለት ሁለት መሆናቸው አዲስ አልሆነብኝም። በእኛ ዘንድ በሚሠራበት በሻፊዒ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ መንገድ) ልጅ ሳለን ከምንማራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ የውኃ ዓይነት ነው። ከሁለት ቁላ (የጥንት መስፈሪያ) በታች የሆነ ውኃ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ ነገር፣ ሲነካው ወዲያው ይነጀሳል፤ ሁለት ቁላ ከሞላ ግን፣ ይህም በግምት 200 ሊትር ገደማ ነው፣ ቀለሙ ወይም ጣዕሙ ወይም ሽታው በነጃሳው ካልተለወጠ በቀር ጠሃራነቱን (ንጹሕነቱን) አያጣም። ጎርፍ አምጥቶት በአፈር የደፈረሰ ውኃ፣ ለመጠጥ ማንም የማይመኘው ቢሆንም፣ ውዱእ ያደርጉበታል። በአንጻሩ እንደ መስታወት የጠራ የአንድ ባልዲ ውኃ አንዲት የሽንት ጠብታ ብትነካው ለሶላት አይሆንም። ስለዚህ የመምህሩ አባባል ለእኔ እንግዳ አይደለም።

ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም፤ እርሱንም ሳንደብቅ ብንናገር ይሻላል። በፊቅህ ሕግ ውኃ ንጽሕናውን ሊያጣ ይችላል፤ ማጣቱም የሚታወቀው በቀለም፣ በጣዕምና በሽታ ነው፤ ማለትም በመጨረሻ ዳኛው ዓይንና አፍንጫ ነው። ከዚህም በላይ ውኃው ሰውን ለዒባዳ ያዘጋጀዋል እንጂ ወንጀልን የሚምረው አላህ ነው፤ የዘምዘም ውኃ እንኳ በረካ አለው እንላለን እንጂ አይመለክም። እዚያ ግን ውኃይቱ ራሷ የምትመለክ፣ ራሷም የምታነጻ ናት፤ የማንጻት ኃይሏን የሚያሳጣትም ነገር የለም። እንግዲህ የጠያቂው የመጨረሻ ጥያቄ እዚህ ላይ ይከብዳል። ሕጉ «ሽታው ከተለወጠ ተወው» የሚለው ሰው ውኃውን የሚጠብቅበት ምክንያት አለው፤ «ምንም ቢገባባት አትረክስም» የተባለው ሰው ግን ፍሳሹን ቢለቅባት ምን ይከለክለዋል? እኛ ሐረሮች የሐረማያ ሐይቅ ዓይናችን እያየ የደረቀብን፣ ውኃ ከሩቅ እየተሳበ የሚመጣልን ሰዎች ነንና ጥያቄውን ከላይ ሆነን አንጠይቅም።

ድልድይ ማዶ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህ ሁሉ የቃላት ልዩነት ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ምን ይጠቅመዋል? ባክቴሪያ ሳንስክሪት አያነብም። እምነቱን ማክበር አንድ ነገር ሆኖ፣ ሰው እየታመመበት ያለን ውኃ «በሌላ ትርጉም ንጹሕ ነው» እያሉ ማስረዳት ግን በጎነት አይመስለኝም።

ናሙና ቀጂው፦

ሥራዬ የውኃ ላቦራቶሪ ነው፤ በዚህ በድሬዳዋ የጉድጓድና የቧንቧ ውኃ ናሙና እየቀዳሁ ዓመታት አሳልፌያለሁ። ስለዚህ የድልድይ ማዶን ቁጣ እረዳዋለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ላርም።

በመጀመሪያ፣ በህንድ ውስጥ ስለ ወንዙ መቆሸሽ ከሁሉ በላይ ሲጮኹ የኖሩት አማኞቹ ራሳቸው ናቸው። ስሙ ሊነሣ የሚገባው ቪር ባድራ ሚሽራ ነው። ይህ ሰው በአንድ በኩል የቫራናሲው የሳንካት ሞቻን ቤተ መቅደስ አለቃ፣ በሌላ በኩል በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሃይድሮሊክ ምሕንድስና ፕሮፌሰር ነበር። ጠዋት ወንዙ ገብቶ ይታጠባል፤ ከዚያ ያንኑ ውኃ ላቦራቶሪ ያስመረምራል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለወንዙ ጽዳት የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ፣ በ2013 እስኪሞትም ድረስ አልተወውም። ለሰንጋ በር ጥያቄ ከማንኛውም ክርክር ይልቅ የዚህ ሰው ሕይወት መልስ ይመስለኛል፤ ውኃውን የመረመረው እርሷን ስለተጠራጠረ ሳይሆን እናቱ ላይ ፍሳሽ ሲለቀቅ ማየት ስላልቻለ ነው። ደግሞም «ምን ይከለክለዋል» ለሚለው፣ የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ ድርሳን በአራተኛው ምዕራፉ ሽንት፣ ዐይነ ምድር፣ ምራቅ፣ ደምና መርዝ ወደ ውኃ መጣልን በግልጽ ይከለክላል። ከልካይ ሕግ አልጠፋም። የጠፋው የፍሳሽ መስመር ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ወንዙን ያቆሸሸው በአብዛኛው ገላውን የሚታጠበው ምእመን አይደለም። ከከተሞች ሳይጣራ የሚለቀቀው የመጸዳጃ ፍሳሽ ነው፤ በካንፑር ደግሞ ክሮሚየም የያዘው የቆዳ ፋብሪካዎች ዝቃጭ ይጨመርበታል። ያሙና ዴልሂን የምታቋርጠው ርዝመት ወደ 22 ኪሎ ሜትር ብቻ፣ ማለትም ከጠቅላላ አካሏ ሁለት በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ፣ ከብክለቷ ትልቁ ድርሻ የሚገባው እዚያች ላይ ነው፤ በቴሌቪዥን ያያችሁት ነጭ አረፋም እዚያ ነው የሚታየው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1986 ራጂቭ ጋንዲ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ የጋንጋ የድርጊት መርሐ ግብር ብሎ ማጣሪያዎች መሥራት ጀመረ። ማጣሪያዎቹ ግን ፍሳሹን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ የሚፈልጉ ነበሩ፤ መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ፓምፑ ሲቆም ፍሳሹ የጥንቱን መንገድ ይዞ ወንዙ ይገባል፤ በዝናብ ወራት ደግሞ ጎርፉ ይዘጋቸዋል። መብራት ሄዶ ፓምፕ ሲቆም ምን እንደሚከተል ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሚሽራ ይሟገት የነበረው በራሱ ቁልቁለት የሚፈስስና በኩሬዎች የሚጣራ ሥርዓት እንዲሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ሌላ ታላቅ ዕቅድ 20,000 ክሮር ሩፒ ተመድቦለታል፤ አንድ ክሮር አሥር ሚሊዮን ነው።

ውጤቱን በቁጥር ላስረዳ። በህንድ ደረጃ ሰው ለሚታጠብበት ወንዝ የተፈቀደው ከፍተኛ የፊካል ኮሊፎርም (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) መጠን በ100 ሚሊ ሊትር 2,500 ነው፤ ለመጠጥ ከሆነ ግን በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም እንዲገኝ አይፈቀድም። እ.ኤ.አ. ከጥር 13 እስከ የካቲት 26 ቀን 2025 በፕራያግራጅ በተደረገው ታላቁ ኩምብ ሜላ (የሂንዱዎች የመታጠብ በዓል)፣ የመንግሥት ቆጠራ ከ660 ሚሊዮን በላይ መጥለቆችን መዝግቧል። በዚያው የካቲት የአገሪቱ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ ለአካባቢ ጥበቃ ፍርድ ቤቱ ባቀረበው ሪፖርት ውኃው በተለያዩ ጊዜያት የመታጠቢያውን ደረጃ እንዳላሟላ ገለጸ፤ የክፍለ ሀገሩ መሪ ደግሞ ውኃው ለመታጠብ የሚበቃ ነው ብለው ተከራከሩ። ልብ በሉ፣ ክርክሩ በዋናነት የተካሄደው በኮሊፎርም ቁጥር ላይ ነው።

ሁለተኛው እርማቴ ወደ ሌላው ወገን ነው። ብዙ ሰዎች «ሳይንስም የጋንጋን ውኃ ንጽሕና አረጋግጧል» ሲሉ እሰማለሁ። መነሻው እውነት ነው። ኧርነስት ሃንኪን የሚባል በህንድ ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ የባክቴሪያ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1896 የጋንጋና የያሙና ውኃ የኮሌራን ባክቴሪያ እንደሚገድል፣ ውኃው ሲፈላ ግን ይህን ኃይሉን እንደሚያጣ አስተውሎ ጽፏል። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1915 ፍሬድሪክ ትዎርት፣ በ1917 ደግሞ ፌሊክስ ዴሬል ባክቴሪያን የሚበሉ ቫይረሶችን ለይተው አሳወቁ፤ ዴሬል «ባክቴሪዮፋጅ» ብሎ ሰየማቸው። ሃንኪን ያየውም የእነዚህ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን እነዚህ ቫይረሶች የሚበዙት የሚበሉት ባክቴሪያ በበዛበት ነው፤ እያንዳንዳቸውም የሚበሉትን ይመርጣሉ። ጅብ በበዛበት ሰፈር ጥንብ የለም ማለት አይቻልም፤ ሐረሮች ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ግኝቱን የመጠጥ ውኃ ምስክር ወረቀት ማድረግ አይገባም።

ጠያቂያችን፣ መምህሩ ፈቃዳቸው ከሆነ ከዚያች ዕቃ 100 ሚሊ ሊትር ቢሰጡኝ በነፃ እመረምረዋለሁ። ለክፋት አይደለም፤ ጉጉት ነው።

ድልድይ ማዶ፦

ስለ ሚሽራ አላውቅም ነበር። ቁጣዬን ለፓምፑ አዛውሬያለሁ።

የቅኔ ተማሪ፦

ከላይ የተባለውን ሳልደግም ሁለት ነገር ልጨምር። ፍላቪየስ ዮሴፈስ የሚባለው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ፣ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በጻፈው ታሪክ ከገነት ከሚወጡት አራቱ ወንዞች ኤፌሶንን ጋንጀስ ነው፣ ግዮንን ደግሞ ግብፅን የሚያጠጣው ዓባይ ነው ብሏል። በእርሱ አቆጣጠር እንግዲህ ግዮናችንና የመምህሩ ጋንጋ የአንድ ምንጭ ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ስለ ጸበል ነው። ጠያቂያችን ራሳቸውን ከጸበል ጋር አነጻጽረዋልና፣ በእኛ ሥርዓት ውኃ የሚቀደሰው በጸሎት፣ በመስቀልና በቅዱሱ አማላጅነት መሆኑን ማስታወስ ይገባል። የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ በጥር አሸዋ ነው፤ ስለዚህ ለጥምቀት ገንዳ ይሞላል፣ ካህናት ይባርኩታል፤ ያ ትናንት የቧንቧ ውኃ የነበረው ዛሬ ማየ ዮርዳኖስ ይሆናል። ቅድስናው ከወንዙ ማንነት አልመጣም። ንዕማን ሶርያዊም «የደማስቆ ወንዞች ከእስራኤል ውኆች ሁሉ አይሻሉምን?» ብሎ የተቆጣው የወንዝ ጥራት እያወዳደረ ነበር፤ የተፈወሰው ግን በመታዘዙ ነው። ሂንዱዎቹ ግን፣ ወንድሞቻችን እንዳስረዱት፣ ካህን ባይኖርም፣ ጸሎት ባይደርስም፣ ወንዟ በራሷ ናት ይላሉ። ቅድስናው ከወንዟ ጋር የታሰረ ነው፤ ያለ እርሷ አይገኝም ማለት ነው ብዬ ተረድቻለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ልታረም።

የለገሃሬ ልጅ፦

ስለ ማንነቷ ከተነሣ አንድ ነገር አይለፈን። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 የኡታራክሃንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጋንጋንና ያሙናን እንደ ሰው መብት ያላቸው ሕጋዊ አካላት ናቸው ብሎ ፈርዶ ነበር፤ በሐምሌ ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን አገደው። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ፣ ወንዟ ሰው ከሆነች ጎርፍ ሰው ቢገድል ተከሳሹ ማን ሊሆን ነው የሚል ነበር። በ1998 ዓ.ም ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን ከተማ ውስጥ ለነበርን ሰዎች ይህ ጥያቄ የጠበቃ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይታየንም።

የከዚራ ጥላ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን እየተረጎምኩ ለመምህሩ አነበብኩላቸው። ስለ ጃይፑር ጋኖች ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ስለ ሚሽራ ሲሰሙ ደግሞ ተነሥተው ከሞባይላቸው ፎቶግራፉን አሳዩኝ። የኮሊፎርሙን ቁጥርም አልተቃወሙም፤ ለሰንጋ በር «የሁለት ቁላውን ሕግ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ» ብለዋል።

የቅኔ ተማሪን ግን አርመዋቸዋል። ጠዋት ሲታጠቡ በየትኛው ውኃ እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር፤ እኔም በምናውቀው በዚሁ ባለኖራ የድሬዳዋ ውኃ፣ ማንቆርቆሪያችንን ነጭ አድርጎ በሚያጋግረው፣ አልኳቸው። አዎን አሉና ጸሎቱን በሳንስክሪት ካሉልኝ በኋላ ተረጎሙልኝ፦ «ጋንጋ ሆይ፣ ያሙና ሆይ፣ ጎዳቫሪ፣ ሳራስቫቲ፣ ናርማዳ፣ ሲንዱ፣ ካቬሪ ሆይ፣ በዚህ ውኃ ውስጥ ተገኙ።» ሰባቱን ስም ጠርተው ሲጨርሱ ባልዲው ውስጥ ያለው እነርሱ ናቸው ብለው ያምናሉ። እዚህ ከመጡ ጀምሮ በጋንጋ ያልታጠቡበት ቀን እንደሌለ የነገሩኝ ምንም ሳይስቁ ነው። ውኃ ለአራት ቀን ጠፍቶብን በጄሪካን ስንቀዳ በነበረበት ሳምንት እንኳ በአንድ ጣሳ ያን ያደርጉ እንደነበር አሁን ገባኝ፤ ያኔ ለራሳቸው ሲያንጎራጉሩ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ ዕቃዋ ለምንድን ናት ብዬ ጠየቅሁ። ያፈርኩበት ጥያቄ ይህ ነበርና ቀስ ብዬ ነው። በእነርሱ ልማድ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል ጥቂት የጋንጋ ውኃ ቱልሲ ከሚባለው ቅዱስ ተክላቸው ቅጠል ጋር በአፉ ጠብ ይደረግለታል፤ አባታቸውም እናታቸውም እንደዚያ ነው የሄዱት። ከአገር ርቆ የሚኖር ሰው ይህን ሳያገኝ እንዳይሞት ይዞ ይዞራል አሉኝ። የት እንዳስቀመጧትም ከአሁን በኋላ እኔም የማውቅ ሰው እንደሆንኩ፣ ቁልፉም ከበሩ በላይ ካለው ሽራፊ ጡብ ጀርባ እንደሚቀመጥ ነገሩኝ።

ለናሙና ቀጂው፦ ሐሳቡን አልጠሉትም። ነገር ግን ዕቃዋ የምትይዘው 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ብየዳውም የሚከፈተው አንድ ጊዜ ነው። በምትኩ የግቢያችንን ቧንቧ እንዲመረምሩላቸው ለምነዋል።